ያረጀ ሲቪቲ ካምቢዮ ያላት ክሮስኦቨር፦ ላሠራት ወይስ ልሽጣት?

ንጋት

ጤና ይስጥልኝ። ውሳኔ ላይ መድረስ አቅቶኝ ነው የምጽፈው። መኪናዬ የ2014 ስሪት ኮምፓክት ክሮስኦቨር ናት፤ ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ ካምቢዮዋ ሲቪቲ (ፍጥነትን ያለ ደረጃ የሚያመጣጥን አውቶማቲክ)፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ። ቆጣሪዋ 148,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። የቀድሞው ባለቤት የሞተር ዘይት የተቀየረባቸውን ደረሰኞች አንድ በአንድ አስቀምጦ ነበር፤ የካምቢዮ ዘይት ስለመቀየሩ የሚናገር ግን አንድም ወረቀት የለም።

ቀስ ብዬ ስነሳ፣ በተለይ በሰዓት ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ ኮረት መንገድ ላይ የወጣሁ ያህል ትንቀጠቀጣለች። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሳነሳ ይቆማል። ረጅም ዳገት ላይ የሞተሩ ዙር ወደ 4,000 ይዘልላል፣ ፍጥነቷ ግን ባለበት ይቀራል። ባለፈው በሞቃት ቀን ጭነት ይዤ ስወጣ ጉልበቷ በድንገት ተቆረጠ፤ ዳር ይዤ ካቀዘቀዝኳት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ሄደች። ከ70 በላይ ስነዳ ደግሞ ከፊት በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ አለ።

የወሰድኳት ጋራዥ መመርመሪያ ኮምፒውተር እንኳ ሳይሰካ «ካምቢዮው አልቋል፣ በሙሉ ይቀየር» አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ መኪናዋ ብትሸጥ ከምታወጣው ሲሶውን ያልፋል። በዚያ ላይ የፊት ጎማዎቿ አልቀዋል። ላሠራት ወይስ እንዳለች ልሽጣት?

ባለመፍቻ

እህቴ ንጋት፣ ገንዘብሽን ያዥ። ዘይቱ ሳይታይ፣ ኮምፒውተር ሳይሰካ የተሰጠ የካምቢዮ ፍርድ ለእኔ ግምት ነው። በግምት ደግሞ ካምቢዮ አይቀየርም።

ሲቪቲ እንደተለመደው አውቶማቲክ በተደራረቡ ጥርሶች አይሠራም። ሁለት ፑሌዎች አሉት፤ በመሀላቸው የብረት ቺንጊያ ይዞራል። የአንዱ ፑሌ ሾጣጣ ፊቶች ሲቀራረቡ ቺንጊያው ወደ ጠርዝ ይወጣል፣ ሲራራቁ ወደ መሀል ይገባል፤ ፍጥነቱ የሚመጣጠነው በዚህ ነው። ፑሌዎቹ ቺንጊያውን ጨብጠው እንዲይዙ የሚያደርጋቸው የዘይቱ ግፊት ነው። ያው ዘይት ያቀዘቅዛል፣ ያለሰልሳል፣ ብረት በብረት ላይ እንዳይንሸራተትም መያዣ ይሰጣል። ሲያረጅ እነዚህ ሁሉ አብረው ይደክማሉ። አንዳንድ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ዘይቱ መቀየር አያስፈልገውም ቢሉም፣ ዳገት፣ ጭነትና የመኪና መጨናነቅ ለሚበዛበት አነዳድ እኔ ከ60,000 ኪሎ ሜትር አላሳልፍም። የአንቺ ምናልባትም ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ በአንድ ዘይት ላይ ናት።

ከሁሉ በፊት መንቀጥቀጡ በእርግጥ ከካምቢዮው መሆኑ ይረጋገጥ። ያረጀ ካንዴላ ወይም የደከመ ኮይል በዝቅተኛ ዙርና በጭነት ላይ የሚያመጣው መንተክተክ ከሲቪቲ መንቀጥቀጥ ጋር በጣም ይመሳሰላል። መመርመሪያው ከየትኛው ሲሊንደር ስንት ጊዜ እሳት እንዳመለጠ (ነዳጁ ሳይቀጣጠል እንደቀረ) ቆጥሮ ያሳያል፤ ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ጎማዎች ከተቀደዱም መንቀጥቀጥ አለ፤ እሱ ግን ፍሬን ረግጠሽ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ቆማም ይሰማል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ዘይቱ ይውረድና የካምቢዮው ሥረኛ ገበታ ይከፈት። ገበታው ውስጥ ማግኔቶች አሉ። በላያቸው ላይ የተለበጠ፣ በጣት ሲነካ የሚለሰልስ ግራጫ ጭቃ የተለመደ መበላት ነው። የሚወጋ ስንጣሪ ወይም በብርሃን የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ካገኛችሁ ግን ቺንጊያውና ፑሌው ተፋፍቀዋል፤ ያኔ አዲስ ዘይት ማፍሰስ ገንዘብ ማባከን ነው። ገበታው ሲከፈት አጠገቡ ቆመሽ ተመልከቺ፤ ፎቶም አንሺ።

ረጅም_መንገድ

ከባለመፍቻ ጋር በምርመራው እስማማለሁ፤ በውሳኔው ግን አልስማማም። እኔ ብሆን ዘይቱን ቀይሬ፣ ችግሯን ለገዢው በግልጽ ነግሬ፣ እሸጣታለሁ። የሲቪቲ ችግር የአንድ ባለቤት ወሬ አይደለም። ኒሳን በአሜሪካ ገበያ እስከ 2010 ስሪት ለነበሩት የሲቪቲ መኪኖቹ የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አራዝሟል፤ ይህም ወደ 193,000 ኪሎ ሜትር ነው። አምራች ያለ ምክንያት ዋስትና አያራዝምም።

በተመሳሳይ መጠን ባለ መኪና ሌላ ምርጫ አለ። ማዝዳ ሲኤክስ-5 ከ2012 ጀምሮ ይዞት የመጣው ባለ ስድስት ፍጥነት የተለመደ አውቶማቲክ ነው። የሀዩንዳይ ተክሰንም በብዙ ገበያዎች ባለ ስድስት ፍጥነት አውቶማቲክ አለው። እንዲህ ዓይነት ካምቢዮ ሲደክም ቀስ እያለ ይናገራል፤ ጠግኖ የሚያውቅ መካኒክም አይጠፋም። ሲቪቲን ከፍቶ የሚያድስ ግን ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ጋራዥ በሙሉ መቀየርን ይመርጣል። የወጪው ምንጭ ይኸው ነው።

ድብልቅ_ኃይል

ከላይ የተባለው ትክክል ሆኖ ሳለ አንድ ነገር እንዳይቀላቀል። የቶዮታ ራቭ ፎር ሃይብሪድ ወረቀት ላይ «ኢ-ሲቪቲ» ተብሎ ስለተጻፈ ብዙ ሰው ይሸሸዋል። በውስጡ ፑሌም ሆነ ቺንጊያ የለም፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና የማይለያዩ ጥርሶች ናቸው ያሉት። የሚነሳበት ሞተሪኖም ሆነ ዲናሞ ለብቻው የለውም። የኋላ ጎማዎቹን የሚነዳው ራሱን የቻለ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ከፊት ወደ ኋላ የሚዘልቅ ዘንግም የለውም። በመካኒካል በኩል በጣም ከሚያስተማምኑት ክሮስኦቨሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነቀፋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በ2019 በመጣው ትውልድ ላይ ወደ ኋላው ሞተር የሚሄደው የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ማያያዣ፣ በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚረጭባቸው አገሮች እየዛገ ብዙ ባለቤቶችን ለከባድ ወጪ ዳርጓል። ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር መሳቢያም በአቧራና በፀጉር ይዘጋል፤ ማጣሪያውን ያላጸዳ ሰው ባትሪውን በሙቀት ይጎዳል። ያገለገለ ሃይብሪድ የምታዩ ሰዎች መጀመሪያ እሱን መሳቢያ ተመልከቱ።

አራት_ጎማ

ንጋት፣ ስለ ፊት ጎማዎቹ የጻፍሽው አሳስቦኛል። ሁለቱን ብቻ ቀይረሽ እንዳትሄጂ።

እንዲህ ያሉ መኪኖች ላይ ከኋላው ዲፈረንሻል ፊት ለፊት ባለብዙ ዲስክ ፍሪሲዮን አለ፤ የፊት ጎማ ሲንሸራተት ጨምቆ ለኋላው ጉልበት ያካፍላል። ከፊት አዲስ፣ ከኋላ ያለቀ ጎማ ሲኖር ትንሹ ጎማ በየዙሩ አጠር ያለ መንገድ ስለሚሄድ፣ መኪናዋ በቀጥታ መንገድ ላይ እያለች እንኳ ሁለቱ ጫፎች በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ። ፍሪሲዮኑም ያለ ዕረፍት እየተፋተገ ይሞቃል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች በጎማዎቹ ጥርስ መካከል ያለው የጥልቀት ልዩነት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያስጠነቅቃሉ። የኋላዎቹ ጥልቀት ይለካ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አራቱም ይቀየሩ። የኋላው ዲፈረንሻልና የዚህ ፍሪሲዮን ዘይትም የራሱ የመቀየሪያ ጊዜ አለው፤ እንደ ሲቪቲው ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

ድምፁን በተመለከተ የጎማ ኩሽኔታ ይመስለኛል። ባዶ ሰፊ መንገድ ላይ ድምፁ በሚሰማበት ፍጥነት ሆነሽ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ አዘንብዪ። የመኪናዋ ክብደት ወደ ቀኝ ጎማ ይዞራል፤ ድምፁ ከጨመረ የቀኙን ጠርጥሪ። ወደ ቀኝ ስታዘነብዪ ከጨመረ የግራውን። በሁለቱም ካልተለወጠ ምናልባት ኩሽኔታ ሳይሆን ጥርሱ በዝንፍ የተበላ ጎማ ነው፤ የፊቱን ወደ ኋላ አዘዋውረሽ ድምፁ አብሮ ከተዘዋወረ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ቆጣቢዋ

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ንጋት ጥገናውን ከመኪናዋ የሽያጭ ዋጋ ጋር ማወዳደሯ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት ስሌት ይመስለኛል። የመኪናዋ ዋጋ እጇ ላይ ያለ ገንዘብ አይደለም። ትክክለኛው ማወዳደሪያ ይህችን አስተካክሎ ለሚቀጥሉት ዓመታት መንዳት በአንድ በኩል፣ ከነጉድለቷ በርካሽ ሸጦ ሌላ መግዛት በሌላ በኩል ነው። በሁለተኛው ላይ የዋጋ ልዩነቱ፣ የስም ዝውውሩ፣ የመጀመሪያው ሰርቪስና ምናልባትም አዲስ አራት ጎማ ይደመራሉ። ከሁሉ በላይ የማታውቀው መኪና የማታውቀውን ችግር ይዞ ይመጣል። የዚህችን ችግር ቢያንስ አውቃዋለች።

ሰው መኪና ሲገዛ የሚያስበው ስለ ነዳጅ ነው። ክሮስኦቨር ከተመሳሳይ ሞተር ካላት ዝቅ ያለች መኪና በክብደቷና በቁመቷ ምክንያት የበለጠ ትጠጣለች፤ የአራት ጎማ ነጂዋ ደግሞ በዚያ ላይ ትንሽ ትጨምራለች። ግን ከአዲስ የተገዛች ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ወጪ የዋጋዋ መውረድ ነው፤ ማንም ደረሰኝ ስለማይቆርጥለት አይታይም። ሌላው የጎማ ልክ ነው። የአንዱ ሞዴል ባለ 17 ኢንች ጎማና የከፍተኛ ደረጃው ባለ 19 ኢንች ጎማ ዋጋቸው አይቀራረብም፤ ባለ 19ኙ ጎኑ ቀጭን ስለሆነ ጉድጓድ ላይ ጎማውንም ቸርኬውንም ያስከፍላል። አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ የፊት መስታወት ሲሰበር ከጀርባው ያለው ካሜራ እንደገና መስተካከል አለበት፤ መከላከያው ውስጥ ያለው ራዳርም እንዲሁ። ትንሽ ግጭት ትልቅ ሒሳብ የሚያመጣው በዚህ ነው። ኢንሹራንስ ስትዋዋሉ ይህ ማስተካከያ ይካተት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

የጣሪያ መስኮት ያላቸውን የምትመለከቱ ደግሞ በማዕዘኖቹ ያሉት የውሃ መውረጃ ቱቦዎች አለመዘጋታቸውን በጥቂት ውሃ ፈትሹ። ውሃው ወለል ምንጣፍ ሥር ተኝቶ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎችን ሲያዝግ ጥፋቱ የሚገለጠው ብዙ ቆይቶ ነው፤ ምንጩንም ማግኘት ያስቸግራል።

ናፍጣ_ነጂ

ጥያቄ ለባለመፍቻ። እኔ ለመግዛት እየተዘጋጀሁ ነው። በአብዛኛው የምነዳው አጭር የከተማ መንገድ ነው። ናፍጣ ወይስ ትንሽ ተርቦ ቤንዚን? ሁለቱም በወረቀት ላይ ቆጣቢ ናቸው።

ባለመፍቻ

ለአጭር መንገድ ከሆነ ናፍጣን ተወው። የዘመኑ ናፍጣ መኪና ጥቀርሻውን የሚይዝ ማጣሪያ በጭስ መውጫው ላይ አለው። ማጣሪያው የሚጸዳው የጭሱ ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስና የተጠራቀመው ሲቃጠል ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ የምታጠፋው ከሆነ ማቃጠሉ በየጊዜው ይቋረጣል፣ ማጣሪያው ይሞላል። ለማቃጠል ተብሎ የሚረጨው ተጨማሪ ናፍጣም ከፊሉ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ግን ናፍጣ አሁንም ጥሩ ነው።

ተርቦ ቤንዚኑም ለአጭር መንገድ ያለ ጣጣ አይደለም። ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጭ፣ በቅዝቃዜና በአጭር ጉዞ ሳይተን የቀረው በግድግዳው እየወረደ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ሆንዳ ሲአር-ቪ ባለ 1.5 ሊትር ተርቦ በ2018 በዚህ ምክንያት ብዙ ተወርቶበታል፤ ኩባንያው በአሜሪካ ለ2017 እና 2018 ስሪቶች የሞተር ክፍሎች ዋስትና ጨምሯል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስታወጣ ዘይቱ ከከፍተኛው ምልክት በላይ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ምልክቱ እሱ ነው። ዘይት «ሲጨምር» ደስ የሚለው ሰው አጋጥሞኛል፤ የቀጠነ ዘይት ግን ኩሽኔታዎቹን አይጠብቅም። ሌላው ደግሞ በአየር ማስገቢያ ቫልቮች ላይ የሚጋገረው ጥቀርሻ ነው፤ በቀጥታ በሚረጭ ሞተር ቫልቮቹን የሚያጥባቸው ነዳጅ የለም። የቶዮታ የ2019 ራቭ ፎር ሞተር ሁለቱንም ዓይነት መርጫ በአንድ ላይ ስለያዘ ከዚህ ይድናል።

ሞዴሉን ከመረጥክ በኋላ የሞተሩን ስም ጠይቅ፤ የአንድ መኪና ሁለት ሞተሮች ዕጣ ፈንታቸው አንድ አይደለም። ፔዦ 2008ን ከነ 1.2 ሊትሩ ፒዩርቴክ ብትወስድ፣ የጊዜ መጠበቂያው ቺንጊያ (ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስተካክለው) በዘይት ውስጥ የሚዞር ነው። ቺንጊያው ሲፈረፈር ፍርፋሪው የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋና የዘይት ግፊት ይጠፋል። አምራቹ መጀመሪያ 10 ዓመት ብሎት የነበረውን የመቀየሪያ ጊዜ ወደ 6 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር አውርዶታል። ከ2011 እስከ 2013 ስሪት ያለውን ኪያ ስፖርቴጅ በ2.4 ሊትር ወይም በ2 ሊትር ተርቦ ካየህ በ2017 ለጥገና የተጠራበት የፋብሪካ ጥሪ መፈጸሙን በሻንሲ ቁጥሩ አጣራ፤ ሲመረት የቀረ የብረት ብናኝ የክራንኩን ዘይት መንገድ እየዘጋ ኩሽኔታ ያስበላ ነበር። ቮልስዋገን ቲጓን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሪት ከሆነ ጠዋት ሲነሳ ለሰከንዶች የሚንኳኳ ሰንሰለት ካለ አትለፈው፤ የሰንሰለቱ መወጠሪያ የታወቀ ድክመቱ ነው።

ለአንተ አነዳድ ተርቦ የሌለው ተራ ቤንዚን ወይም ሃይብሪድ ይሻልሃል።

ንጋት

ጋሼ ባለመፍቻ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፤ የተባለውን ሁሉ በቅደም ተከተል አሠራሁ።

መመርመሪያው ሲሰካ ከሞተሩ ያመለጠ እሳት የለም። ገበታው ሲከፈት አጠገቡ ነበርኩ። ዘይቱ ጠቁሮ ነበር፣ የተቃጠለ ነገር ይሸት ነበር። ማግኔቶቹ ላይ ወፍራም ግራጫ ጭቃ ነበር። መካኒኩ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ላይ በጣቱ አሸልኝ፤ ሙሉ በሙሉ ለሰለሰ፣ የሚወጋም የሚያብለጨልጭም አልተገኘም። ፎቶውን አያይዣለሁ። ሌላም ነገር አገኘ፦ በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የአየር ማቀዝቀዣ ኮንደንሰር መካከል አቧራና የነፍሳት ክንፍ ተጋግሮ አየር የሚያልፍበት ቦታ አልነበረም። ዳገት ላይ ጉልበቷ የተቆረጠው ካምቢዮው ከመጠን በላይ ሞቆ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ስለገታው እንደሆነ ነገረኝ።

ድምፁ የቀኝ የፊት ኩሽኔታ ነበር፤ አራት_ጎማ እንዳልከው ወደ ግራ ሳዘነብል ይጨምር ነበር። ተቀይሮ ጸጥ ብሏል። የኋላ ጎማዎቹ ከአዲሶቹ ጋር ሲለኩ ልዩነቱ ሰፊ ስለነበር አራቱንም ቀየርኩ። ሁሉም ተደምሮ የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠየቀኝ ግማሹን እንኳ አልሞላም። መንቀጥቀጡ በጣም ቀንሷል፣ ግን ከ35 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ጠዋት ጠዋት አሁንም ትንሽ አለ። ይህስ ምንድን ነው?

ረጅም_መንገድ

ፎቶውን አይቼዋለሁ። እንዲህ ከሆነ ሽጪ ያልኩትን አነሳለሁ፤ ቅርፊት የሌለበትን ካምቢዮ በርካሽ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ባለመፍቻ

የሚጠበቅ ነው። ገበታው ተከፍቶ ዘይቱ ሲወርድ የሚወጣው ወደ ግማሽ ገደማ ነው፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) እና የዘይት መንገዶቹ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አሁን ያለሽ የአሮጌና የአዲስ ድብልቅ ነው። ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ አንድ ጊዜ ደግመሽ አስቀይሪ። በግፊት የሚያጥብ መሣሪያ እንዳይጠቀሙበት፤ ለዓመታት የተኛውን ቆሻሻ አንቀሳቅሶ ግፊቱን የሚመድበው የቫልቭ ክፍል ውስጥ ይወሽቀዋል። ከሁለተኛው በኋላም መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ቀጥሎ የሚታየው ያ የቫልቭ ክፍል ነው፤ በብዙ ሞዴሎች ካምቢዮው ሳይወርድ ለብቻው ይቀየራል።

ሁለት ነገር አጥብቀሽ ጠይቂ። ዘይቱ በመኪናዋ መመሪያ ላይ በስሙ የተጻፈው ይሁን፤ ለሁሉም ይሆናል የሚባል የአውቶማቲክ ዘይት ሲቪቲ ውስጥ ቺንጊያውን ያንሸራትተዋል። ሁለተኛ፣ ልኩ የሚታየው መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ መመሪያው ያዘዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው፤ ሙቀቱን ከመመርመሪያው ላይ ያንብቡት እንጂ በእጅ አይገምቱ። ቀዝቃዛ እያለ የተሞላ ሲሞቅ ይትረፈረፋል፣ አረፋም ይሠራል፤ አረፋ የያዘ ዘይት ደግሞ ግፊት አይይዝም።

ንጋት

ለሁለተኛው ዙር መመሪያው ላይ የተጻፈውን ዘይት ገዝቼ ራሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ የኋላው ዲፈረንሻል ዘይትም አብሮ ይቀየራል። መኪናዋን አልሸጥም። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።